እሺ ያሉኝን ሁሉ «1» ብዬ ጻፍኩ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ጓደኛዬ ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ በሚመጣው ፕራይመሪ ለአንድ የፕሬዚዳንት ዕጩ በነጻ ላገለግል ነው። እርስዎም ድሮ ሞክረውታል አሉኝ። ምን ይመክሩኛል?» አለች። (ፕራይመሪ ፓርቲ ለዋናው ምርጫ የሚያቀርበውን ዕጩ የሚለይበት ቅድመ ምርጫ ነው።) በስልክ የሰጠኋት መልስ እኔኑ አላረካኝም። ስለዚህ ለእሷም፣ የእሷን ሐሳብ ለያዛችሁ ሌሎችም ቁጭ ብዬ ልጻፍ አልኩ።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሰው ታክስ ስሠራ ነው ያረጀሁት። ፖለቲካ ውስጥ እጄን ያስገባሁት አንዴ ብቻ ነው፤ በፈረንጆች 2008 መጀመሪያ፣ ለባራክ ኦባማ። እሱና ሂላሪ ክሊንተን የዴሞክራቶች ዕጩ ለመሆን ይፎካከሩ ነበር። ጃንዋሪ 3 ኦባማ አይዋ ግዛት ላይ አሸነፈ። በአምስተኛው ቀን ሂላሪ ክሊንተን ኒው ሃምፕሸርን ወሰደች። ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን የሚመርጡበት ሱፐር ቱስዴይም አልገላገላቸውም። ከዚያ ፌብሩዋሪ 12 የእኛ ተራ ደረሰ፤ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአንድ ቀን። ብዙ ጊዜ ተራው ዲሲ ሲደርስ ሠርጉ አልቆ ወንበር እየተሰበሰበ ነው። ያን ዓመት ግን ሙሽራው ገና አልታወቀም ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ከረባት አስሬ ሄድኩ። በልቤ ንግግር ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። የተቀበለኝ አስተባባሪ የመጨረሻ ልጄን የሚያክል ነው። ንግግሬን የጠየቀኝ የለም። የስም ዝርዝር የያዘ ክሊፕቦርድና እስክሪብቶ ሰጠኝ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ከ1 እስከ 5 ቁጥር አለ። 1 ለእኛ የቆረጠ፣ 3 ያልወሰነ፣ 5 ለሌላው የቆረጠ። «ይጠይቁ፣ ያዳምጡ፣ የሰሙትን ይጻፉ» አለኝ። በምርጫው ቀን የሚኬደው «1» የተባሉት ሰዎች በር ብቻ ነው። 5ን ሄዶ መቀስቀስ ለተቃራኒው መሥራት ነዋ። ስለዚህ ያ ሁሉ ግርግር የሚቆመው በዚያች ቁጥር ላይ ነው።

አማርኛ ስለምችል የሐበሻ ስም የበዛበትን ሰፈር ሰጡኝ፤ በኮሎምቢያ ሮድና በ14ኛው መንገድ አካባቢ ያሉ አፓርታማዎች። ቤት አትግቡ ተብለናል። የሐበሻን በር አንኳኩቶ ሳይገቡ መመለስን ግን ማን ያስተማረን! አንድ ቤት ቡና ተፈልቶ ደረስኩ። አቦል ጠጣሁ። ቶና ተከተለ። በረካ ሳትጠጣማ አትሄድም ተባልኩ። በሁለት ሰዓት አራት በር።

ቢሆንም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ሁሉም «እሺ» ይለኛል። «እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይርዳችሁ።» «እሺ፣ ምን ችግር አለው።» እኔም 1፣ 1፣ 1። ይባስ ብዬ ዝርዝሩ ላይ የሌሉትን፣ ቡናው ላይ የተቀመጡትን ሁሉ በእጄ ጨመርኩ። በሳምንቱ መጨረሻ ሃያ ስድስት «1» ይዤ ስመለስ አስተባባሪው እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ስቆጣ የኖርኩ ሰውዬ፣ ደረሰኝ የሌለው ገቢ መዝግቤ መጣሁ።

በምርጫው ቀን ጠዋት ያንኑ ዝርዝር ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሰው በሩን በፒጃማ ከፈተልኝና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ» አለኝ። ሁለተኛው ዜጋ ነው፣ ተመዝግቧል፣ ግን ፎርሙ ላይ የፓርቲውን ቦታ ባዶ ትቶታል። ያኔ ዲሲ ውስጥ በዴሞክራቶች ፕራይመሪ የሚመርጠው በዴሞክራትነት የተመዘገበ ብቻ ነበር። ቨርጂኒያ ደግሞ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም፤ ድልድዩን ስትሻገሩ ደንቡ ይለወጣል። ሦስተኛዋ እኒያ ባለ ቡናዋ እናት ናቸው። አፍረው መሬት መሬት አዩ። «ደስ እንዲልህ ብዬ ነው እንጂ፣ እኔስ ሴትዮዋን ነው የምወዳት» አሉኝ።

ከሃያ ስድስቱ ስንቱ እንደ ቀረልኝ አልነግራችሁም። ኦባማ ያለ እኔ ዝርዝርም ዲሲ ላይ ከአራት ሦስቱን ያህል ድምፅ ወስዶ አሸነፈ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ያ ባለ ግሪን ካርድ ልጅ የመራጭነት ፎርም ብሰጠው «እሺ» ብሎ ይሞላልኝ ነበር። ዜጋ ያልሆነ ሰው ለፕሬዚዳንት ምርጫ ተመዝግቦ ከተገኘ ዜግነቱ ሊከለከል፣ ከአገርም ሊባረር ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ራሱ «ለምርጫ ተመዝግበህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። እባካችሁ፣ ፎርም ከማውጣታችሁ በፊት ዜግነቱን ጠይቁ። ደግሞ በእንግዶች ፊት አትጠይቁ። ሃያ ዓመት እዚህ ኖሮ ዜጋ አለመሆኑን በሰው ፊት መናገር የሚከብደው ብዙ ነው። ወደ በሩ ሲሸኛችሁ ጠይቁት። ዜጋ ያልሆነ ሰው ፕሬዚዳንት መምረጥ አይችልም እንጂ ያለ ክፍያ በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል ይችላል። ይህንን ስትነግሩት ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ።

ገንዘብ ላይም አንድ ነገር ልበል፣ ሙያዬ ስለሆነ። እኛ መዋጮ እንወዳለን። ከአሥር ሰው ሰብስቦ በአንድ ሰው ስም ማስገባት ለለቅሶ ያምራል፤ ለምርጫ ዘመቻ ግን ወንጀል ነው። ሁሉም በየስሙ ይስጥ። ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው ደግሞ አንድ ዶላር አይስጥ። በራሪ ወረቀትም የሰው ፖስታ ሳጥን ውስጥ አትክተቱ፤ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። እኔ ግማሽ ሕንፃ ከጨረስኩ በኋላ ነው የነገሩኝ።

ታክሲ ነጂዎቹን ሳልረሳ። ያን ሰሞን ዲሲ ውስጥ ታክሲው ባቋረጠው ዞን ብዛት የሚከፈልበት ታሪፍ ቀርቶ ሜትር፣ ማለትም የጉዞ ቆጣሪ፣ ሊገባ ነበር፤ ከንቲባ ፌንቲ ወስነዋል፣ ነጂዎቹም በ2007 ኦክቶበር መጨረሻ አድማ መትተዋል። እኔ 9ኛው መንገድ ያለ ምግብ ቤት ገብቼ ስለ ኢራቅ ጦርነትና ስለ ጤና መድን ልናገር ስል አንዱ «ሰውዬህ ስለ ሜትሩ ምን ይላል?» አለኝ። «እሱ የከንቲባው ጉዳይ ነው» አልኩት። እንጀራውን እየጠቀለለ «ታዲያ እኔ ቤት የደረሰው መንግሥት ከንቲባው ነዋ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቁጭ ብዬ ስለ ዞንና ሜትር አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማሁት። መጨረሻ ላይ ሳልጠይቀው «እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ዴሞክራት ነኝ፣ ሚስቴም ጭምር፣ ጻፍ» አለኝ። የእሱ «1» እውነተኛ «1» ነበር።

በምርጫው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ላኩኝ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል፤ መንገዱ መስተዋት ሆኗል። የሜሪላንድ ምርጫ ጣቢያ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር የሚዘጋው። በመንገዱ ምክንያት ዳኛ እስከ 3 ሰዓት ተኩል እንዲቆይ አዘዘ። የቀረችን ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ናት። ስልክ አነሳሁና ለአንዲት የነርሲንግ ሆም ሠራተኛ ደወልኩ።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አለችኝ።

«እሺን ተዪውና፣ ጫማ አድርገሻል?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። «አላደረግሁም። ከሥራ ገብቼ እግሬን ዘርግቼ ነው።»

«መኪና ይዤ ልምጣ?»

«ና በቃ!»

ከ3 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ትምህርት ቤቱ በር ላይ አደረስኳት። ክንዴን ይዛ በረዶው ላይ እየተንሸራተተች ደጃፉ ጋ ደረሰችና ብቻዋን ገባች። እኔ መኪናው ውስጥ ጠበቅሁ። ስትወጣ ማንን እንደ መረጠች አልጠየቅኋትም። ቤቷ አድርሻት የመኪናውን መብራት አበራሁና ከስሟ ጎን «መርጣለች» ብዬ ጻፍኩ።