«ልጆቹን አቅፎ ይስቃል፣ እኔን ግን ይሸሸኛል»

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 38 ዓመቱ ነው። ከአራት ወር በፊት ድብርት አለብህ ተብሎ ሰርትራሊን የሚባል ክኒን ተጀመረለት። ያኔ ከአልጋ አይነሳም፣ ልጆቹንም አያናግርም ነበር። አሁን ሥራ ገብቷል፣ ይጫወታል፣ ይስቃል። ማታ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ይተኛል። በሕመሙ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልነበረም። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን ብዬ ስልኩን ሁሉ ፈተሽኩ። አማቴ ደግሞ «ልጄን ያደነዘዘው ይሄ ክኒን ነው፣ ጸበሉ ይበቃዋል» ብለው አስተዉት። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ራሴን አዞረኝ ይላል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አስቸኳዩን ላስቀድም። ዛሬውኑ መድኃኒቱን ላዘዘለት ሐኪም ደውሉ። ማዞሩና ቁጣው ክኒኑን በድንገት ከማቋረጡ የመጣ ይመስላል። ሰርትራሊን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። አንዳንዶች «ጭንቅላቴን ኤሌክትሪክ ነዘረኝ» ይላሉ። ይህ ሱስ አይደለም፤ አንጎል የለመደውን በአንዴ ሲያጣ እንዲህ ይሆናል። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። በዚህ መሃል ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ግን ብቻውን አትተዪው፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰጂው።

አሁን ወደ መኝታ ቤቱ ልምጣ። ሰርትራሊንና ፍሎክሲቲን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። የአንጎል ሴሎች በኬሚካል ይነጋገራሉ፤ አንዱ ሴሮቶኒን ነው። ሴሉ ሴሮቶኒን ከለቀቀ በኋላ መልሶ ይሰበስበዋል። መድኃኒቱ ይህን መሰብሰቢያ ይዘጋዋል፤ ሴሮቶኒኑ እዚያው ቆይቶ ይሠራል። መሻሻሉ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ሴሮቶኒን ደግሞ ሥራው ብዙ ነው። ሆድ ውስጥ ስላለ መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻል፤ ይህ ብዙ ጊዜ በራሱ ያልፋል። የወሲብ ፍላጎትንም ያቀዘቅዛል፣ እርካታንም ያዘገያል። ይሄኛው መድኃኒቱ እስካለ ድረስ ሊቆይ ይችላል። ብዙ ወንዶች አፍረው ለሐኪሙ አይናገሩም። ለሚስታቸውማ ጭራሽ! ጀርባ ሰጥቶ መተኛት ይቀላቸዋል።

ድብርት ራሱም ፍላጎት ያጠፋል። የአንቺ ባል ግን ሌላው ሁሉ ተመልሶለት ይሄ ብቻ ነው የቀረው፤ የጀመረውም ከክኒኑ በኋላ ነው። ስለዚህ እኔ ከሌላ ሴት በፊት ክኒኑን እጠረጥራለሁ።

መፍትሔ አለው። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ወደ ሌላ ዓይነት ሊቀይር ይችላል። ሚርታዛፒንና ቡፕሮፒዮን በሌላ መንገድ ስለሚሠሩ ወሲብን ያን ያህል አይነኩም። ሚርታዛፒን ግን እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ውፍረትም ያመጣል። ቡፕሮፒዮን ደግሞ የሚጥል በሽታ ላለበት አይሆንም። የቆየው የድብርት መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ሴሮቶኒንንም ኖርኤፒኔፍሪን የተባለውን ሌላ የአንጎል ኬሚካልም ይነካል፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያስተኛል። ከልክ በላይ ከተወሰደ ልብን ይጎዳልና ጎረቤት «እኔን ረድቶኛል» ብሎ ቢሰጣችሁ እንዳትቀበሉ።

አማትሽን አትጣያቸው፤ የልጃቸው ነገር ሆኖባቸው ነው። እንዲህ በያቸው፦ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። የባልሽም ክኒን ጸበሉን አይከለክለውም።

ከባልሽ ጋር ልጆቹ ሲተኙ ተነጋገሩ። «ለምን ትሸሸኛለህ?» ብለሽ አትጀምሪ። «መድኃኒቱ እንዲህ እንደሚያደርግ ሰማሁ፣ አንተንስ?» በዪው። ስልኩን መፈተሽሽንም ራስሽ ንገሪው፤ ከሌላ ሰው ወይም በአጋጣሚ ካወቀ ይከፋል። ቀጠሮው ላይ አብረሽው ግቢ። እሱ አፍሮ ጥያቄውን ከዘለለው፣ አንቺ ጠይቂ።