የቤቴን ሰርቨር ግቢ ሆኜ ልይ? ጥያቄና መልስ

ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው። ከቴሌቪዥኑ ሥር ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። ጄሊፊን በሚባል ፕሮግራም ፊልሙንም፣ የእህቴን የሰርግ ቪዲዮም ለቤተሰቡ የሚያድለው እሱ ነው፤ ሰርቨር የምለው ይሄንኑ ነው። ሰሞኑን ዶርም የገቡ ልጆች "ከቤት ሰርቨር ማየት አቃተን" እያሉ ሲደውሉብኝ፣ ጥያቄያችሁን በአንዴ ላኩልኝ አልኩ። ይኸው።

ቤት ሳለሁ ጄሊፊን ጥሩ ይሠራል። ግቢ ስገባ ግን ዝም ብሎ ይሽከረከራል። አገዱኝ ማለት ነው?

ለይተው አንተን አላገዱህም። ጄሊፊን በተለምዶ በፖርት (በቁጥር በሚታወቅ የኔትወርክ በር) 8096 ነው የሚያወራው፣ ተመሳሳዩ ፕሮግራም ፕሌክስ ደግሞ በ32400። ብዙ ግቢ ለተራ ድረ ገጽ የሚያገለግሉትን 80ን እና 443ን ከፍቶ ሌላውን ይዘጋል። መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፍተህ በሞባይል ዳታ ሞክር። ከከፈተ ችግሩ ግቢው ጋ ነው። ካልከፈተ ቤትህ ጋ ነው።

ሞከርኩ፣ በዳታም እምቢ አለ። ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍቻለሁ እኮ!

የራውተሩ ገጽ ውስጥ ግባና ከውጭ የተሰጠውን አይፒ አድራሻ እይ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ ብዙ ቤት አንድ የውጭ አድራሻ ተጋርታችኋል ማለት ነው። ኮንዶሚኒየም በለው። አንተ የከፈትከው የቤትህን በር ነው፤ እንግዳው ታች ዘበኛው ጋ ቀርቷል። ለዚህ እንደ ቴይልስኬል ያለ መሣሪያ ይሻላል። ሰርቨሩም ስልክህም ከውስጥ ወደ ውጭ ይደውሉና ይገናኛሉ። ለግል አጠቃቀም ነፃ ነው። ፖርቱን ደግሞ መልሰህ ዝጋው። ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጎ መተኛት አይመከርም።

ታዲያ ቴይልስኬል የግቢውን እገዳ ያልፋል?

ቀጥታው መንገድ ሲዘጋበት በ443 በኩል በአማላጅ ሰርቨር ይዞራል፤ ቀርፋፋ ነው እንጂ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ግን ያልፋል ማለት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የግቢው ዋይፋይ ላይ የገባኸው በመታወቂያ ቁጥርህ ነው። ቴይልስኬል ቪፒኤን ነው፤ በኢንተርኔት ላይ የራስህን የግል መንገድ ይዘረጋል። ደንቡ ቪፒኤን ከከለከለ ተወው። ደንቡ ግልጽ ካልሆነልህ የአይሲቲ ቢሮ ሄደህ ጠይቅ። እኔ በተማሪነቴ ሳልጠይቅ ጭኜ አካውንቴ ተዘግቶብኛል፤ ያውም በምዝገባ ሰሞን።

ይከፍታል፣ ግን በየደቂቃው ይቆማል። የቤታችን ኢንተርኔት ፈጣን ነው።

የትኛው ፍጥነት? የምትኩራራበት ዳውንሎዱ ነው። አንቺ ዶርም ሆነሽ ስታዪ ግን ቤትሽ የሚልከው በአፕሎድ ነው። ለክተሽ እዪው። አፕሎዱ 2 ሜጋቢት ከሆነና ፊልሙ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ከፈለገ፣ በጠባብ ቱቦ በርሜል መሙላት ነው።

መፍትሔው ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ነው። ያኔ ሰርቨሩ ፊልሙን እዚያው እያየሽ አሳንሶ ይለውጠዋል፤ ትራንስኮድ የሚሉት ይሄ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ እዚህ ላይ ነው የሚያቃስተው። የእኔማ ማራገቢያው ጎረቤት ይሰማል። ስለዚህ ብልሃቱ ቀድሞ ማዘጋጀት ነው። የምትፈልጊውን ማታ ሃንድብሬክ በሚባል የቪዲዮ መለወጫ ወደ ኤች 264 (ብዙ መሣሪያ የሚያጫውተው የቪዲዮ ዓይነት)፣ 720ፒ ጥራት፣ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ገደማ ቀይሪና አስቀምጪ። ያኔ ሰርቨሩ እንዳለ ይልከዋል፣ አይደክምም። ለአንድ ሰዓት 675 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በዳታ የምታዪ ከሆነ ይቺን ቁጥር አትርሺ።

የትርጉም ጽሑፉንም አትናቂው። ከዲስክ የተቀዳ በሥዕል መልክ ያለ ሲሆን ሰርቨሩ ቪዲዮው ላይ ለማተም ሲል ሁሉንም እንደገና ይለውጠዋል። ኤስአርቲ የሆነውን፣ ማለትም ተራ ጽሑፍ ያለውን ፋይል ምረጪ።

የአማርኛው ትርጉም ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይመጣል።

ሰርቨሩ ወይም የምታይበት መሣሪያ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለም። ጫንለት። ፋይሉም ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኢንኮዲንግ ይቀመጥ።

ዶርም ውስጥ አራት ነን። የግቢውን ኔትወርክ ሳንነካ አብረን ማየት አንችልም?

ይሄን ነበር ስጠብቅ የቆየሁት! ለአብዛኞቻችሁ መልሱ እዚህ ነው። ቅዳሜ ቤት ስትሄድ ፊልሙን በሃርድ ዲስክ ይዘህ ና፤ ጄሊፊንን ላፕቶፕህ ላይ ጫን። ከዚያ በአንዱ ስልክ ሆትስፖት ክፈቱ፣ የሞባይል ዳታውን አጥፉ፣ ሁላችሁም እሱ ላይ ግቡ። በብሮውዘር የላፕቶፑን አይፒና 8096 መጻፍ ብቻ ነው። ፓኬጅ አይበላም፣ አፕሎድ አይጠይቅም፣ የግቢውን ኔትወርክም አይነካም። በግቢው ዋይፋይ ይህን ስትሞክሩ እምቢ የሚላችሁ አብዛኛው ግቢ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ስለሚለያቸው ነው። ዊንዶውስ ካስቸገረ ኔትወርኩን "ፕራይቬት" በሉት፤ ፋየርዎሉ ነው የሚከለክለው።

ፕሌክስ ወይስ ጄሊፊን?

ጄሊፊን። ፕሌክስ ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራስህን ፊልም ከቤት ውጭ ለማየት ያስከፍላል። ጄሊፊን በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኤምቢ ከሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የፕሌክስ መልክ ያምራል፣ አልክድም።

ልጄ፣ እኔ ሰበታ ነው ያለሁት። ልጁ ወደ ግቢ ሲሄድ "ይህን ላፕቶፕ እንዳታጠፊው" ብሎኛል። መብራት አይፈጅም?

ብዙም አይፈጅም እናቴ። ሥራ ሳይበዛበት 15 ዋት ቢወስድ፣ ወር ሙሉ ሳይጠፋ 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ሲሄድም ባትሪው ትንሽ ያቆየዋል፤ ራውተሩ ግን አብሮ ስለሚጠፋ ልጅዎ ቢደውል "መብራት ሄዷል" ብቻ ይበሉት። አንድ ነገር ልለምንዎ፦ ላዩ ላይ ዳንቴል አያልብሱበት። በጎኑ ነው የሚተነፍሰው።