«ዘዬሽን ጥለሽ ነይ» ለተባለችው የደብረ ማርቆስ ተዋናይት

ውድ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ በአንድ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ ተቀጥረሽ እንደምትሠሪ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት መንፈሳዊ ድራማ፣ ኋላም በኮሌጅ የኪነ ጥበብ ክበብ ስትጫወቺ መኖርሽን ጽፈሻል። አዲስ አበባ ሄደሽ ለአንድ ተከታታይ ድራማ በተደረገ የተዋንያን ምርጫ ላይ «ትወናሽ ጥሩ ነው፣ ግን ዘዬሽን ጥለሽ ነይ» መባልሽን፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ሰው እየደወለ የምዝገባና የሥልጠና የሚለውን ገንዘብ ብትከፍዪ በፊልም ውስጥ ሚና እንደሚያሰጥሽ ቃል መግባቱን፣ አባትሽ ደግሞ ነገሩን ሰምተው «አዝማሪ ልትሆኚልኝ ነው ወይ?» ብለው መቆጣታቸውን ነግረሽናል። ጥያቄሽም ሥራዬን ለቅቄ አዲስ አበባ ልግባ ወይስ ነገሩን ከነጭራሹ ልተወው የሚል ነው።

ሥራሽን አሁን አትልቀቂ፤ ትወናውንም አትተዪ። ይህን የምልሽ ሁለቱን አማራጮች ለማስታረቅ አይደለም። አዲስ አበባ የተዘጋጀ ተዋናይ የሚታይበትና የሚመረጥበት ከተማ ነው፤ ተዋናይ የሚዘጋጅበት ጊዜ ግን ረጅም ነው፣ ያንን ጊዜ ደግሞ የቤት ኪራይ እያሳሰበሽ ከምታሳልፊው ይልቅ ደመወዝ እያገኘሽ፣ ከቤተሰብሽ ጋር እየኖርሽ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ብታሳልፊው እጅግ ይሻልሻል።

በመጀመሪያ ስለ ዘዬሽ ልናገር፤ ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ከሁሉ ይልቅ የጎዳሽ ይህ ነውና። «ዘዬሽን ጥለሽ ነይ» ያለሽ ሰው የተናገረው ከፊሉ ትክክል ነው። በመድረክና በቴሌቪዥን የሚነገረው አማርኛ አዲስ አበባ ላይ የተለመደው አነጋገር ስለሆነ፣ እዚያ ተወልዳ ያደገች የባንክ ሠራተኛን የምትጫወት ተዋናይት በጎጃም የድምፅ አጣጣል ከተናገረች ተመልካቹ ታሪኩን ትቶ ስለ አነጋገሯ ማሰብ ይጀምራል። ስለዚህ ያንን አማርኛ መቻል የሙያው ግዴታ ነው። ነገር ግን «ጥለሽ ነይ» መባሉን አልቀበለውም። ተዋናይ አንደበቱን አይጥልም፤ በያዘው ላይ ሌላ ይጨምራል። በብዙ ድራማዎቻችን ውስጥ የገጠር ሰው የሚገባው ለማሳቅ ብቻ ነው፤ ይህን የሚጫወቱትም አብዛኛውን ጊዜ ዘዬውን ከሩቅ የሰሙ፣ ጥቂት ቃላትን እያጋነኑ የሚደጋግሙ ተዋንያን ናቸው። የጎጃምን እናት ለቅሶ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ሽምግልና ፊት ቆማ ስትሟገት የሰማ ሰው ያ ድምፅ ምን ያህል ክብርና ብልሃት እንዳለው ያውቃል። አንቺ በዚህ ድምፅ ውስጥ አድገሻል። አንድ ቀን ያንን ሚና ሳታጋንኚ፣ ሳታስቂበት የምትጫወቺው ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ ተወላጅ ተዋናይት የማይገኝ ነገር ይዘሽ ቀርበሻል ማለት ነው።

ሁለተኛውን አማርኛ እንዴት ትይዢዋለሽ? በየቀኑ ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ በስልክሽ ቅጂው፣ መልሰሽ አዳምጪው። ዓረፍተ ነገሩን ስትዘጊ ድምፅሽ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛውን ቃል እንደምትረግጪ፣ የትኛውን እንደምትውጪ በወረቀት መዝግቢ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ ንባብ ላይ የሚደናቀፉ ተዋንያን ብዙ ናቸው፤ «አለ» የሚለው ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው፣ «ገና»ም ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ጽሑፈ ተውኔት እንደተሰጠሽ በእርሳስ ይዘሽ እነዚህን ምልክት የማድረግ ልማድ ከአሁኑ ቢኖርሽ፣ የመጀመሪያው የንባብ ልምምድ ላይ አዘጋጁ ልዩነቱን ወዲያው ይሰማዋል።

ለዚህ ልምምድ ከሁሉ የምመክርሽ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ማዳመጥ ነው። የጎጃም ተወላጁ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ ታሪኩም በአብዛኛው እዚሁ ጎጃም ውስጥ የሚሆነው ፍቅር እስከ መቃብር በወጋየሁ ድምፅ ስንት ቤት እንደገባ ከአባትሽ ትሰሚያለሽ። አንድ ሰው ብቻውን፣ ያለ ልብስና ያለ መድረክ፣ ባላባቱንና ገበሬውን፣ ቄሱንና ልጅቱን እንዴት ለይቶ እንዳቆማቸው አድምጪ። ስታዳምጪ ግን እሱን ለመምሰል አትሞክሪ። አንድ ገጽ ብቻ ምረጪ፣ እሱ የት እንደተነፈሰ፣ የት ዝም እንዳለ፣ የት እንደፈጠነ አስተውዪና ከዚያ የሌላ ደራሲ ገጽ ወስደሽ የራስሽን ትንፋሽና ዝምታ ፈልጊለት። በድምፅ ብቻ ገጸ ባሕርይ መፍጠር የቻለ ሰው ሌላም በር ይከፈትለታል፤ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲይዝ ብዙ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥራችንን ይሻማል ብለው ተቃውመውት ነበር፣ ሥጋታቸውም ተገቢ ነበር፤ ለብዙ ወጣት ተዋንያን ግን የዳቢንግ ስቱዲዮው የመጀመሪያ መተዳደሪያቸው ሆኗል።

ጎጃም ውስጥ መወለድሽን እንደ እንቅፋት አትቁጠሪው። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የወጡ የቅኔ ሰው ነበሩ፤ የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ገና በእግሩ ሳይቆም ተውኔት እየጻፉ፣ ዜማ እየደረሱ፣ ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ለመድረክ ካበቁት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። የቅኔ ቤቱ ትምህርት ለተዋናይ የሚሰጠውን ጥቅም እኔ ከፍ አድርጌ ነው የማየው። ተዋናይ የሚናገረው ቃለ ተውኔት እንደ ሰም ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ በልቧ የያዘችው ነገር ወርቁ ነው። «እንኳን ደህና መጣህ» የምትል ሴት በልቧ ለምን መጣህ እያለች ሊሆን ይችላል። ደካማ ተዋናይ ቁጣውን በፊቱ ላይ አውጥቶ ወርቁን ያባክነዋል፤ ብርቱው ሰላምታውን እንደ ሰላምታ ብሎ ተመልካቹ ራሱ እንዲያገኘው ይተወዋል። ልምምድሽ ላይ በእያንዳንዱ ቃለ ተውኔት ሥር ገጸ ባሕርይዋ ምን እየፈለገች እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፊ። ይህን ሳትጽፊ ወደ ልምምድ አትግቢ።

ብቻሽን የማትማሪው ነገርም አለ፤ እሱም ከሰው ጋር መጫወት ነው። ከቀድሞ የክበብ ጓደኞችሽ አራት ወይም አምስት ሰዎች አሰባስቢ፤ ትምህርት ቤቶች ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል አይነፍጓችሁም። ሰንበት ትምህርት ቤቱንም አትተዪው፤ በየክፍለ ሀገሩ የተነሡ ብዙ ተዋንያን ሰው ፊት መቆምን የለመዱት እዚያው ነው። ጤና ጣቢያዎችና ልዩ ልዩ ድርጅቶች ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻና ስለ ወረርሽኝ በሽታ የማስተማሪያ አጭር ድራማ ይፈልጋሉ፤ ክፍያው አነስተኛ ቢሆንም ገበያ መሐል ቆሞ፣ ያለ ማይክሮፎን፣ ሊሰማሽ ያልመጣን ሰው ማስቆም ከብዙ አዳራሽ ልምምድ የበለጠ ያስተምራል። ባሕር ዳር ስትሄጂ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን ጎብኚ፤ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ስለሆነ የሬዲዮ ድራማ የሚሠሩ ሰዎችን ጠይቀሽ አግኚ። የመንገዱን ደኅንነት ሳታጣሪ ግን አትነሺ፤ የትኛውም ምርጫ ቀጠሮ ከነፍስሽ አይበልጥም።

ስለ አዲስ አበባው ኑሮ ብዙ ሰው የማይነግርሽን ልንገርሽ። ሀገር ፍቅር ቴአትር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉ ቤቶች ናቸው፤ እነዚህና ሌሎቹ የመንግሥት ቴአትር ቤቶች በወር ደመወዝ የሚቀጥሯቸው ተዋንያን አሏቸው፣ ቦታው ግን ጥቂት ስለሆነ ቅጥር እንደ ልብ አይወጣም። አንድ ተውኔት ለመድረክ ለመብቃት የወራት ልምምድ ይፈልጋል፤ ከበቃ በኋላም በአብዛኛው የሚታየው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በፊልምና በተከታታይ ድራማ የሚሠራውም ቢሆን በአንድ ሥራና በሌላው መካከል ብዙ ወራት ያለ ክፍያ ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ ከጎጃም ሄደው በሙያው ከቆዩት መካከል በቅርብ የማውቃት አንዲት ተዋናይት ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ሕፃናት እያስተማረች ከሰዓት በኋላ ልምምድ ትገባ ነበር፤ ዛሬም ስሟ ከታወቀ በኋላ ማስተማሩን ሙሉ በሙሉ አልተወችውም። ከእሷ የማያንስ ተሰጥኦ የነበረው የቢቸና ልጅ ግን የነበረውን ሁሉ ሸጦ ሄዶ በወራት ውስጥ ተመለሰ፤ ያሸነፈው የቤት ኪራይ እንጂ የትወናው ፈተና አልነበረም። ይህን ሳይ አዝናለሁ፣ ምክንያቱም ሊጠፋ የማይገባው ተዋናይ ነበር። አንቺ በእጅሽ የሒሳብ ሙያ አለሽ። አዲስ አበባ በገባሽ ጊዜ ለአነስተኛ ድርጅቶች በትርፍ ሰዓት ሒሳብ እየሠራሽ ልትኖሪበት የሚያስችል ሙያ ነውና፣ ዲግሪሽን የሕልምሽ ተቃራኒ አድርገሽ አትዪው። መደበኛ ትምህርት ከፈለግሽ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ይሰጣል፤ የመግቢያ መስፈርቱን ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ጠይቂ።

ገንዘብ ክፈዪ ያለሽን ሰው በተመለከተ አቋሜ የጠና ነው፤ አንዲት ሳንቲም አትስጪው። ሚና የሚሰጥ ሰው ለተዋናይ ይከፍላል እንጂ ከተዋናይ አይቀበልም። ሥልጠና የሚሸጥ ድርጅት ካለ ሥልጠናውን ብቻ ይሽጥ፤ ሥልጠናን ከሚና ተስፋ ጋር አያይዞ የሚያቀርብ ሁሉ የሚሸጠው ተስፋውን ነው። የፊልሙን አዘጋጅ፣ ፕሮዲውሰሩንና ቢሮውን በስም ጠይቂው፣ ጽሑፉን ላክልኝ በዪው። በሆቴል ክፍል ወይም በማታ ብቻሽን ነይ የሚል ቀጠሮ ከመጣ ደግሞ ያ የተዋንያን ምርጫ አይደለም፤ ትክክለኛ ምርጫ በቀን፣ ሌሎች ተወዳዳሪዎችና ሠራተኞች ባሉበት ይካሄዳል፣ ሰው ይዘሽ ብትሄጂም ማንም አይቆጣሽም። ስልኩንና የላከልሽን መልእክት አታጥፊ፣ ማስረጃ ነው።

እውነተኛ ሥራ ሲገኝ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ክፍያው ስንት እንደሆነና በስንት ጊዜ ተከፋፍሎ እንደሚሰጥ፣ ቀረጻው የሚፈጀው ቀን፣ ከዚያ ቢያልፍ የሚጨመረው፣ የትራንስፖርትና የምግብ ወጪው፣ ድምፅ ለማስተካከል ስቱዲዮ ብትጠሪ የሚከፈልሽ፣ ምስልሽ ለማስታወቂያ የሚውል ከሆነ በምን ሁኔታ እንደሆነ ይጻፍ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ ለከዋኙም፣ ማለትም እንደ ተዋናይ ሥራውን ለሚጫወተው፣ መብት ሰጥቷል፤ ስለዚህ «ተዋናይ ምን መብት አለው» የሚልሽን ሰው አትመኚው። የተፈረመበትን ውል አንዱን ቅጂ ሳትይዢ ከቢሮው አትውጪ።

አባትሽን ደግሞ በክርክር አትርቺያቸው። ቁጣቸው ከመጥፎ ልብ የመጣ አይደለም፤ እሳቸው ባደጉበት ዘመን አዝማሪ በየሠርጉ ይፈለግ ነበር፣ ልጁን ለአዝማሪነት የሚሰጥ ግን አልነበረም። ቴአትራችን ሲጀመርም የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ የነበረው በዚሁ ሥጋት ነው። አዝማሪነት የሚያሳፍር ሙያ እንዳልሆነ እኔ አምናለሁ፣ ለአባትሽ ግን ይህንን በቃል ማስረዳት ከባድ ነው። ወጋየሁን አብረሽ አስሚያቸው፤ ከዚያ እናንተ የምትለማመዱትን እንዲያዩ ጋብዣቸው። እሳቸው የሚያከብሯቸው አንድ ሽማግሌ ወይም የነፍስ አባታችሁ አብረው ቢመጡ ይበልጥ ይረዳል። ደመወዝሽ እየገባ፣ በጊዜ ወደ ቤት እየተመለስሽ የምትሠሪውን ነገር መቃወም እንደሚከብዳቸውም አልጠራጠርም።

የሚቀጥለውን ዓመት እንዲህ አድርገሽ ተጠቀሚበት። ሁለት መነባንቦች፣ ማለትም ብቻሽን የምትጫወቻቸው ንግግሮች፣ አዘጋጂ፣ እያንዳንዳቸው ከሁለት ደቂቃ የማይበልጡ፤ አንዱ በአዲስ አበባው አማርኛ የሚነገር፣ ሌላው በገዛ ዘዬሽ፣ አንዱ የሚያሳዝን ሌላው የሚያስቅ ቢሆን ይመረጣል። ፊትሽን ወደ መስኮት ብርሃን አዙረሽ፣ ስልኩን አግድም አስቀምጠሽ፣ ያለ ሙዚቃ ቅረጪያቸው፤ መጀመሪያ ላይ ስምሽን፣ ዕድሜሽን፣ ቁመትሽንና ያለሽበትን ከተማ ተናገሪ። በየሦስት ወሩ እንደገና ቅረጪና የቀድሞውን ከአዲሱ ጋር አወዳድሪ። ከደመወዝሽም ለአዲስ አበባ የስድስት ወር ኪራይና ቀለብ የሚበቃ እስኪጠራቀም ድረስ በየወሩ አስቀምጪ። ለተዋንያን ምርጫ ስትጠሪ ሥራሽን ለቅቀሽ ሳይሆን የዓመት ፈቃድሽን ተጠቅመሽ ሂጂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ሁሉንም በአንዴ አትጨርሺው፣ ከአለቃሽ ጋር ተነጋግረሽ በሁለት ከፍለሽ ውሰጂው፣ ምክንያቱም ተመርጠሽ ለሁለተኛ ዙር ብትጠሪ ሌላ ጥቂት ቀናት ያስፈልጉሻል።