ጣሪያ ለማሸግ የሚከፈለው ብር ወዴት ይሄዳል?

ልጆቼ፣

ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና ቦዲ ስሰራ ከ30 ዓመት በላይ ሆነኝ። ላሜራ ቀጥቅጫለሁ፤ ስቱኮ ለጥፌያለሁ፤ ካሶኒ ገጥሜያለሁ። ከሁሉም ስራ በዋጋ የሚያጨቃጭቀኝ ግን ጣሪያ ማሸግ፣ ማለትም ዝናብ እንዳያስገባ ጠርዙን በማሸጊያ መድፈን ነው። ባለ መኪናው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኛል። «ጋሼ፣ ቱቦ ለመጭመቅ ይሄን ሁሉ ብር?»

ጥያቄው አያናድደኝም። መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ዛሬም የምጽፍላችሁ እሱን ለመመለስ ነው። አንዳንዶቻችሁ ሙያውን ገና እየጀመራችሁ ነው። ሌሎቻችሁ እቁብ ጥላችሁ፣ ከዘመድ ተበድራችሁ የመጀመሪያ መኪናችሁን ገዝታችኋል። ሁለታችሁም ጋራዥ በር ላይ ስትከራከሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሒሳቡን አብረን እንስራው። ኋላው እንደ ክፍል የተዘጋ መኪና አስቡ። ዳቦ ማከፋፈያ ይሁን፣ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ይሁን። ጣሪያው 6 ሜትር በ2 ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 16 ሜትር ይመጣል። 300 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንድ ቱቦ ማሸጊያ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መስመር ብትለቀቅ 10 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ጠርዝ ላይ ግን መስመሩ ወፈር ማለት አለበት። የብሎን ራሶች መሸፈን አለባቸው። የአየር መስኮትና አንቴና ካለ የእነሱም ዙሪያ አለ። እንግዲህ አራት፣ አምስት ቱቦ ነው። ባለ መኪናው እውነቱን ነው፤ በቱቦው ብቻ ከሆነ ብዙ ብር አይደለም።

ብሩ የሚሄደው አሮጌውን ማሸጊያ ለመፋቅ ነው።

አንድ ቀን መጥታችሁ ብታዩ ደስ ይለኛል። ሰራተኛው መሰላል ወጥቶ ጣውላ ያነጥፋል፤ ጣሪያው በጉልበቱ እንዳይጎደጉድ። ከዚያ በደረቱ ይተኛል። የተሰነጠቀውን አሮጌ ማሸጊያ በፕላስቲክ ስፓቶላ ከጠርዙ እያነሳ ይልጠዋል። በብረት ቢሞክረው ቶሎ ይሄድለታል፣ ግን ላሜራውን ይቧጭረዋል፤ ጣሪያው የጎማ ልባስ ካለው ደግሞ ይቀደዋል። አንዳንዱ ማሸጊያ እንደ ሸንኮራ ልጣጭ ረጅም ሆኖ ይወጣል። አንዳንዱ እንደ ጥርስ ቆሻሻ ተጣብቆ ይቀራል። እሱ አንድ ሜትር ላይ ግማሽ ሰዓት ይበላል። ሲያልቅ በአልኮል ይጠረጋል። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይመለሳል። ሌላ ጨርቅ ይመጣል፣ ቡናማ ሆኖ ይመለሳል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ቱቦ አይከፈትም። ይህ ሁሉ አንድ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። መጭመቁ ሁለት ሰዓት ነው።

ባለ መኪናው ከሰዓት በኋላ መጥቶ የሚያየው ግን መጭመቁን ብቻ ነው።

እኔም በወጣትነቴ ይህን ቸል ብዬ በድያለሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ አንድ የሚኒባስ ሹፌር መጣ። ጣሪያው ላይ ያለው እቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላው፣ የታሰረበት ቦታ ያፈስ ነበር። ሲሊኮን ተቀብቶበታል፣ እሱም ተሰንጥቋል። ሹፌሩ «ነገ ጠዋት ስራ አለብኝ፣ ከላዩ ደርብልኝ» አለኝ። ዋጋም ቀነስኩለት። በሲሊኮን ላይ ሌላ ነገር እንደማይጣበቅ አለቃዬ ነግሮኝ ነበር። አዲስ ሲሊኮን እንኳ በአሮጌው ላይ በደንብ አይዝም። እያወቅኩ ደረብኩለት። ሲያዩት ያምር ነበር።

ነሐሴ ላይ ተመልሶ መጣ። አልጮኸም። ከኮርኒሱ የተገነጠለ ኮምፔንሳቶ ይዞ ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። እንደ ረጠበ ቂጣ አብጦ ነበር። በአውራ ጣቴ ስጫነው ጣቴ ገባ። «ሐረጎ ዳገት ላይ ዝናብ ይዞን፣ አንዲት አራስ ልጇ ላይ ጠብ አለባት» አለኝ። ልጅቷን በነጠላዋ ሸፍና እስከ ደሴ እንደሄደች ነገረኝ። ብሩን መለስኩለት። ጣሪያውንም እንደገና ፍቄ በነጻ ሰራሁት። ያችን እናት ግን ዛሬም አልረሳትም።

እናንተ ባለሙያዎች፣ ደንበኛ ሲለምናችሁ ዋጋ መቀነስ ትችላላችሁ። ትርፋችሁ ነው፣ መብታችሁ ነው። ከመፋቁ ላይ ግን አትቀንሱ። አሮጌው ማሸጊያ ሁሉ ይነሳ ማለቴ አይደለም። ጠርዙ ያልተነሳ፣ ያልተሰነጠቀ፣ አዲሱ የሚስማማው አይነት ከሆነ አጽድቶ ከላዩ መደረብ ይቻላል። ስፓቶላ ሲነካው የሚነሳ ከሆነ ግን መነሳት አለበት። ይህን የምታውቁት ጣሪያው ላይ ስትወጡ ነው። ስለዚህ በስልክ ዋጋ አትናገሩ። «አምጣው፣ ልየው» በሉ።

ማሸጊያ ለምን እንደሚሞት ካወቃችሁ ደግሞ ለደንበኛ ማስረዳት አይከብዳችሁም። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል። 6 ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ላሜራ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል። የኛን አገር መንገድ አስቡት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ወደ ሚሌ ከቀጠላችሁ ደግሞ የአፋር ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ። ሌሊት ደሴ በብርድ የተኮማተረ ጣሪያ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እጅ አያስነካም። ማሸጊያው በየቀኑ ይሳባል፣ ይጨመቃል። በዚያ ላይ ፀሐዩ አለ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ማሸጊያን አድርቆ የሚሰነጥቀው እሱ ነው። የሐረጎ ጠመዝማዛ ደግሞ ቦዲውን ግራ ቀኝ ይጠመዝዘዋል። ምንም ቢሆን ዘላለም የሚኖር ማሸጊያ የለም።

አንድ ዓመት ወደ ላሊበላ የሚሄዱ ባልና ሚስት ፈረንጆች ጋራዣችን ቆሙ። መኪናቸው መኝታውም ማድቤቱም ውስጡ ነው፤ አርቪ የሚሉት አይነት። የጣሪያው መስኮት ዳር ያፈሳል። ጣሪያው በጎማ ልባስ የተሸፈነ ነበር። አንዱ ልጅ ቶሎ ብሎ ቤንዚን ያለበት ጨርቅ አነሳ። እጁን ያዝኩት። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ዘይት ያንን ጎማ ያሳብጡታል። እንዲህ ያለ መኪና ከመጣላችሁ መጀመሪያ ጣሪያው ከምን እንደተሰራ ጠይቁ። ጎማ አለ፣ ፕላስቲክ ነክ አለ፣ ፋይበርግላስ አለ፣ አሉሚኒየም አለ። ለአንዱ የሚስማማው ማሸጊያ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ስንጨርስ ስለ ዋጋ አወራን። አሜሪካ ውስጥ የእንዲህ ያለ መኪና ጣሪያ ጠርዙና የመስኮቶቹ ዳር ብቻ በባለሙያ ሲታደስ ከጥቂት መቶ ዶላር ጀምሮ ከ1,000 በላይም ይደርሳል። ልባሱ በሙሉ ከተቀየረ ብዙ ሺህ ነው። እዚያም ማሸጊያው ርካሽ ነው። የእጅ ዋጋ ግን በሰዓት ከ100 ዶላር በላይ የሚጠይቁ ጋራዦች ብዙ ናቸው። ይህን የምነግራችሁ በዶላር እንድታስቡ አይደለም። እዚያም እዚህም ደንበኛ የሚከፍለው ለሰዓት እንደሆነ እንድታዩ ነው። እዚያ የሚያፍርበት የለም። እኛ ግን የእጅ ዋጋ ለመጥራት እናፍራለን። ስለምናፍር ከእቃው ዋጋ ውስጥ እንደብቀዋለን። ደንበኛው እቃውን ሱቅ ሄዶ ይጠይቃል፣ ሌባ ነን ብሎ ይመለሳል።

አትደብቁ። ወረቀት ላይ ለይታችሁ ጻፉ። እቃ ይህን ያህል፣ መፋቅና ማጽዳት ይህን ያህል፣ ማሸግ ይህን ያህል። ከስር የበሰበሰ ጣውላ ከተገኘ ስራው ቆሞ ለባለቤቱ እንደሚደወል ጻፉ። ትልቁ ጠብ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ ጣውላ ቀይራችሁ ብር ብትጠይቁ፣ ስራው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አያምናችሁም። የበሰበሰውን ቁራጭ አትጣሉት፤ አሳዩት። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ አንድ ጊዜ በነጻ እንደምታዩለትም ጻፉ።

እናንተ ባለ መኪናዎች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። «አሮጌውን ትፍቀዋለህ ወይስ ከላዩ ነው?» መልሱን ስሙ። ከሁለት ጋራዥ ሁለት ዋጋ ከሰማችሁ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው ያለው። ከዚያ ጊዜ ስጡት። ከአየር እርጥበት እየወሰደ የሚደርቀው የፖሊዩሪቴን ማሸጊያ በ24 ሰዓት የሚጠነክረው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ማታ ታሽጎ ሌሊቱን ጭነት ልጫን የሚል ሰው ብሩን ራሱ እየጣለው ነው።

ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ ደግሞ የገባበት ቦታ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ከፊት ገብቶ በብረቱ ስር ተንሸራቶ ከኋላ ሊወርድ ይችላል። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ። ሌላው የውሃ ጎማ ይዞ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ያርከፍክፍ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም አርሶ ያደናግራችኋል።

የጣሪያ ባለሙያዎች ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታይ ይላሉ። ለወሎ ሰው ይህ አይከብድም፤ ሁለት ዝናብ አለን። ከበልጉ በፊት ጥር ላይ፣ ከክረምቱ በፊት ግንቦት ላይ መሰላል ውጡ። ጣታችሁን በጠርዙ ላይ ሂዱበት። የተነሳ፣ የተሰነጠቀ፣ የደረቀ ካለ በአንድ ቱቦና በግማሽ ቀን ስራ ያልቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ 12 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 120 ሊትር ውሃ ያወርዳል። ሐምሌ ላይ ስትመጡ የምትከፍሉት ለማሸግ ብቻ አይሆንም። ለኮርኒሱ፣ ለመብራት ገመዱ፣ ለዛገው ብረትም ነው። ዝናብ እያለ ጣሪያው እስኪደርቅም ትጠብቃላችሁ። እርጥብ ላይ የሚይዝ ማሸጊያ ጥቂት ነው።

የመክፈል አቅም የሌለው ወጣት ቢመጣ ምን ላድርግ የምትሉኝም አላችሁ። አብሽር በሉት። ስፓቶላና ጨርቅ ስጡት፣ አብሯችሁ ይፋቅ። የእጅ ዋጋውን በራሱ እጅ ይከፍላል። እኔ ለብዙ ልጆች እንዲህ አድርጌያለሁ። ከነሱ አንዱም በኋላ ዋጋ ተወደደ ብሎ አልተከራከረኝም።

አሁን ይህን ስጽፍላችሁ ከጭንቅላቴ በላይ ስፓቶላው ይሰማኛል። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ኋላው የተዘጋ አንድ መኪና ላይ ተኝቷል፤ ገና ግራውን ጠርዝ አልጨረሰም። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ደውሏል። ነገ ከሰዓት በኋላ ና ብዬዋለሁ።