ሲሊኮኑን መልሰህ አስቀምጠው፤ ማኒፎልድ በጉልበት አይዘጋም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ባለ አራት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር፣ ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ፕላስቲክ፣ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ይዋዥቃል፤ «ጓርኒሲዮኑ አየር እያስገባ ነው» ተብለሃል፤ ጓርኒሲዮን ማለት በመጋጠሚያው መካከል ያለው ማሸጊያ ነው። ራስህ አውርደህ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ሲሊኮን ቀብተህ፣ ቡሎኖቹን ጥብቅ አድርገህ ብትመልሰው ይሆን እንደሆነ ትጠይቃለህ። አይሆንም። ማውረዱ ማንንም አያከስርም፤ የሚያከስረው መመለሱ ነው። ሥራው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደሚጀመርና ማኒፎልዱ የራዲያተር ውሃ የሚያልፍበት ከሆነ ውሃው አስቀድሞ እንደሚወርድ ታውቃለህ ብዬ እዘለዋለሁ።

1. ከሁሉ በፊት የቤንዚኑን ግፊት አውርድ። የፓምፑን ፊውዝ ወይም ሪሌ ነቅለህ ሞተሩን አስነሳውና ራሱ እስኪጠፋ ጠብቅ፤ ከዚያ የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀል። ተራ ኢንጀክሽን ከሆነ መስመሩ ውስጥ ያለው ከ3 እስከ 4 ባር ቢሆን ነው። ዳይሬክት ኢንጀክሽን ከሆነ ግን ከ100 ባር በላይ የሚይዝ መስመር ስላለው ማኑዋሉን ሳታይ አትንካው።

2. እያንዳንዱን ቱቦና ሶኬት ሳትነቅል ፎቶ አንሳ፣ ጥንድ ጥንድ አድርገህም በፕላስተር ላይ ቁጥር ጻፍባቸው። ሁለት የሚመሳሰሉ የቫኪዩም ቱቦዎች ቢለዋወጡ ሞተሩ ይነሳል፤ ግን ያው የምትሸሸው ሚኒሞ ይመለስና ጓርኒሲዮኑን ስትወቅስ ትከርማለህ።

3. ቡሎኖቹን ስትፈታ ከዳር ወደ መሃል ሂድ። ሁሉንም ፈትተህ ማኒፎልዱ አልነቃነቅም ካለህ ካቻቪቴ አስገብተህ አትፈንቅለው። የያዘው ነገር አለ፦ ከሥር የሚደግፈው ብረት፣ የኢጂአር ቱቦ (የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው)፣ ወይም ከኋላ በኩል በመስታወት ካልሆነ የማይታይ አንድ ቡሎን። ቴስታታው (ማኒፎልዱ የሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ፊት ላይ በካቻቪቴ የተጫረን ጭረት አዲስ ጓርኒሲዮን አይደፍነውም።

4. ማኒፎልዱ እንደወረደ የቴስታታውን ቀዳዳዎች በሰፊ ፕላስተር ሸፍናቸው። ጨርቅ የምትወትፍ ከሆነ ቆጥረህ አስገባ፣ ቆጥረህ አውጣ። ቫልቩ በተከፈተ ሲሊንደር ውስጥ የወደቀች አንዲት ሮንዴላ ቴስታታ ታስወርድሃለች።

5. የቴስታታውን ፊት ስታጸዳ የፕላስቲክ መፋቂያና ማጽጃ ፈሳሽ በቂ ናቸው። በድሪል የሚሽከረከር የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ የሚጠቀሙ አሉ፤ አሉሚኒየሙን ይጎደጉደዋል፣ ዱቄቱም ዘይት ውስጥ ከገባ የክራንክ ብሮንዚኖችን (ዘንጉ የሚዞርባቸውን ሽፋኖች) ይበላል። ከጸዳ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በማኒፎልዱ ፊት ላይ በቁመቱም በሰያፉም አጋድመህ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው የታወቀ ስስ ብረቶች) ለካው። የሚፈቀደው መጣመም እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነባቸው ብዙ ናቸው። ከማኑዋሉ በላይ ከጠመመ ፕላስቲክ ስለማይላግ ማኒፎልዱ ይቀየራል።

ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ ዋናው ነገር መጣ።

የፕላስቲክ ማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ብዙውን ጊዜ ቦይ ውስጥ የሚቀመጥ ጎማ ነው። እያንዳንዱን የቡሎን ቀዳዳ ተመልከት፤ ውስጡ የብረት ቀለበት አለ። ቡሎኑ ሲጠብቅ የሚጫነው በዚያ ብረት ላይ ነው። ብረቱ ቴስታታው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ጎማው የተፈቀደለትን ያህል ይጨመቃል፤ ከዚያ በኋላ የምትጨምረው ጉልበት አንድም ወደ ጎማው አይደርስም። ሁሉም የሚያርፈው አሉሚኒየሙ ላይ ባለው ጥርስ ነው። ስለዚህ «ጥብቅ አድርገው» የሚልህ ሰው ጥርሱን ላጠው እያለህ ነው። አሮጌ ጎማ ደግሞ ተጨምቆ ጠፍጥፎ ስለቀረ ብረቱ ካረፈ በኋላም ክፍተት ይተዋል፤ አዲስ የሚገዛው ለዚህ ነው። ሲሊኮን ብትቀባው ጎማውን ያንሸራትተዋል፣ ከቦዩም ያስወጣዋል። የተረፈው ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይደርቅና አንድ ቀን ተገንጥሎ በቫልቭ በኩል ይገባል። ጎማው ደረቅ ሆኖ ይቀመጥ፣ በቃ። ሲሊኮን የሚያስፈልገው ቪ ቅርጽ ባላቸው አንዳንድ ሞተሮች፣ ቴስታታውና ብሎኩ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው፤ ያንተ ሞተር ያ ማዕዘን የለውም።

አሁን ስለ ማጥበቂያው ልክ። ቡሎኖቹ ኤም6 ከሆኑ ከ8 እስከ 11 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ኤም8 ከሆኑ ከ15 እስከ 25 ነው፤ ቁርጡን ማኑዋሉ ይነግርሃል። 10 ኒውተን ሜትር ማለት 25 ሴንቲ ሜትር እጀታ ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 4 ኪሎ ማንጠልጠል ነው። ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ ነው «እጄ ልኩን ያውቃል» የሚለው ሰው ሁልጊዜ የሚያሳልፈው። ለመኪናው እግር ቡሎን የሚያገለግለው ትልቁ ቶርክ ሬንችም (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) አይሆንም፤ ከ40 የሚጀምር መሣሪያ 10 ላይ ቀጭ አይልም፣ ቀጭ እስኪል ስትጠብቅ ቡሎኑ እጅህ ላይ ይቀራል። ከ5 እስከ 25 የሚለካ ትንሽ ቶርክ ሬንች ተዋስ።

ቡሎን ከማስገባትህ በፊት ቀዳዳዎቹን በአየር ንፋ። ታች የተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ካለ ቡሎኑ ፈሳሹን ይጫነዋል፤ ቶርክ ሬንቹ ቀጭ ቢልም ማኒፎልዱ አልተያዘም፣ ሲብስም አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። ሁሉንም በጣት ጀምራቸው። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር እያፈራረቅህ፣ መጀመሪያ በግማሽ ልክ፣ ቀጥሎ በሙሉ ልክ፣ በመጨረሻም በዚያው ልክ አንድ ዙር ማረጋገጫ። ከዳር ከጀመርክ መሃሉ ይነሳል፤ ማኒፎልድ አየር ከሚያስገባባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ጥርሱ ቀድሞ የተላጠ ቀዳዳ ካገኘህ ቴፍሎንም ሙጫም አትሞክር፤ ሄሊኮይል (የተላጠውን ጥርስ የሚተካ የሽቦ ጥርስ) አስገባለት።

ኢንጀክተሮቹን (ቤንዚን የሚረጩትን) ካወጣህ ኦሪንጎቻቸውን (የጎማ ቀለበቶቻቸውን) ቀይር፤ በንጹህ የሞተር ዘይት እርጥብ አድርገህ እያዞርክ አስገባ። የትሮትል ቦዲውና (የአየር መግቢያው በር) የኢጂአሩ ጓርኒሲዮንም አብረው ይቀየሩ፤ እነሱን አስቀርቶ እንደገና ማውረድ የሚያናድድ ነው። ከመነሳቱ በፊት ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ኦን ብቻ አድርገህ ፓምፑ መስመሩን ይሙላ፤ ኢንጀክተሮቹ ዙሪያ ጠብታ ከታየህ ወይም ቤንዚን ከሸተተህ አታስነሳ።

ይህን ደግሞ መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ፦ ጥፋቱ የጓርኒሲዮኑ መሆኑን ሳታረጋግጥ አንዲት ቡሎን አትፍታ። ስካነር ሰክተህ ሞተሩ ሲሞቅ የፉዩል ትሪሙን ተመልከት፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ የአጭር ጊዜና የረጅም ጊዜ ተብሎ ሁለት አለው። በሚኒሞ ላይ ሁለቱ ተደምረው እንደ +20 ከሆኑና በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ስትይዘው ወደ +5 ከወረዱ አየር ከሆነ ቦታ እየገባ ነው፤ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ የሾለከችው ትንሽ ድርሻ ስለምትይዝ ነው የምትቀንሰው። ቁጥሩ በዙር የሚብስ ከሆነ ግን ፓምፑን ወይም የቤንዚን ፊልትሮውን ፈትሽ፤ ማኒፎልዱ ንጹህ ነው። ይህ የሚሠራው አየሩን በኤምኤኤፍ ሴንሰር ለሚለካ ሞተር ነው። በማፕ ሴንሰር (የማኒፎልዱን የውስጥ ግፊት በሚለካ) የሚሠራ ከሆነ ሴንሰሩ የሾለከውንም አየር ስለሚያየው ትሪሙ ብዙም ላይዛባ ይችላል፤ የሚታይህ ከፍ ያለ ሚኒሞ ነው። ያኔ የሚያዋጣው ጭስ እያስገባ የሚሾልክበትን ቦታ የሚያሳይ የጭስ ማሽን ነው። በጋለ ሞተር ላይ ካርቡሬተር ማጽጃ እየረጩ መፈለግ የተለመደ ነው፤ እሳት ስለሚያስነሳ አልመክርህም። የጭስ ማሽን ካላገኘህ ውሃ በሳሙና በጥብጠህ በመጋጠሚያው ዙሪያ በስሱ እርጭ፤ ሞተሩ ድምፁን የቀየረበት ቦታ ላይ ምልክት አድርግና ፎቶውን እዚህ ላከው።