ማንም የማያዘው እጩ

ጥያቄ፦ ለመምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። አሸዋ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካል ሳይንስ ትማራለች። ለዕረፍት ስትመጣ ሱቅ ውስጥ ስንከራከር እንውላለን። ሰሞኑን የያዝነው የአሜሪካውን ቢሊየነር የማይክል ብሉምበርግን ነገር ነው። እኔ የምለው፣ ሰውዬው ከማንም ሳንቲም ሳይቀበል በገዛ ገንዘቡ ለፓርቲው ፕሬዚዳንታዊ እጩነት ከሮጠ ማንም አያዘውም፤ አቦ፣ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? እሷ ደግሞ «አባዬ፣ ይሄ መግዛት ነው እንጂ መመረጥ አይደለም» ትላለች። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባል የለ? ታዲያ ያን ሁሉ ይዞ እንዴት ተሸነፈ? ማናችን ነን ልክ?
ነጋዴው፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎ ባንኮኒው ጋ ቆማ ከአባቷ ጋር እንዲህ መከራከሯ በጣም ደስ ብሎኛል። እዚሁ ድሬዳዋ 26 ዓመት ሥነ ዜጋ ሳስተምር የምመኘው ይህንኑ ነበር።

ከእርስዎ ልጀምር፤ ሐሳብዎ የዋዛ አይደለም። በ1974 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በአሜሪካ የወጣ ሕግ የፕሬዚዳንት ተወዳዳሪ ከኪሱ ከ50,000 ዶላር በላይ እንዳያወጣ ይከለክል ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 1976፣ በክሊ እና ቫሌዮ በተባለው መዝገብ፣ ይህን ገደብ ሻረው። ሰው በገዛ ገንዘቡ ሐሳቡን ሲያሰማ መገደብ የመናገር መብቱን መንካት ነው አለ፤ ደግሞም በራሱ ገንዘብ የሚሮጥ የሌላውን እጅ ስለማያይ ለሙስና የሚያጋልጠው ነገር ይቀንሳል አለ። እርስዎ ሱቅዎ ውስጥ ያሉትን ነው ዳኞቹ ያሉት። ሌሎች ለተወዳዳሪው የሚሰጡት ግን ገደቡ እንዳለ ቀረ። በ2020 ምርጫ አንድ ግለሰብ በቅድመ ምርጫው፣ ማለትም የፓርቲው እጩ በየግዛቱ ድምፅ በሚለይበት ውድድር፣ ለአንድ ተወዳዳሪ መስጠት የሚችለው 2,800 ዶላር ነበር። እንግዲህ አንዱ በየቤቱ ሲለቅም ይከርማል፣ ሌላው ቼክ ላይ ያሻውን ይጽፋል።

ብሉምበርግ ያሻውን ጻፈ። ሦስት ጊዜ የኒውዮርክ ከንቲባ የነበረ ሰው ነው፤ ለዴሞክራቲክ ፓርቲ እጩነት መወዳደሩን ያሳወቀው ኖቬምበር 24 ቀን 2019 ነው። ሌሎቹ ያኔ ለወራት ቀድመው ድምፅ በሚሰጡት በአይዋና በኒው ሃምፕሻየር ግዛቶች ውስጥ ከገበሬና ከአስተማሪ ጋር ቡና ሲጠጡ ከርመዋል። እሱ የመጀመሪያዎቹን አራት ግዛቶች ዘለላቸው። ሐሳቡ በአንድ ቀን 14 ግዛቶች ድምፅ በሚሰጡበት ማክሰኞ፣ ማርች 3 ቀን 2020፣ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ጠራርጎ መውሰድ ነበር። ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ውድድሩ መቶ ቀን ገደማ ስለቆየ በቀን አሥር ሚሊዮን ዶላር ያህል ይመጣል።

አሁን ልጅዎ ይህችን ልብ ትበል። ፓርቲው በክርክር መድረክ ለመቆም ሁለት ነገር ይጠይቅ ነበር፤ በሕዝብ አስተያየት መለኪያ የተወሰነ ድጋፍ፣ እና የለጋሾች ብዛት። ለጃንዋሪው ክርክር 225,000 የተለያዩ ሰዎች ገንዘብ መስጠት ነበረባቸው። የሚቆጠረው የብሩ ብዛት አይደለም፤ አንድ ዶላር የሰጠም አንድ ሰው ነው፣ ሁለት ሺህ የሰጠም አንድ ሰው ነው። ብሉምበርግ ከማንም ስለማይቀበል ለጋሹ ዜሮ ነበር፤ ስለዚህ መድረኩ ላይ አይወጣም። ሌላው ባለጸጋ ተወዳዳሪ ቶም ስቴየር ደግሞ «እባካችሁ አንድ ዶላር ስጡኝ» የሚል ማስታወቂያ ለማስነገር ሚሊዮኖች አወጣ። በኋላ ፓርቲው የለጋሾቹን መስፈርት አነሳና ብሉምበርግ ፌብሩዋሪ 19 ላስ ቬጋስ ላይ ቆመ። በዚያች አንድ ምሽት ሌላዋ ተወዳዳሪ ኤልዛቤት ዋረን በድርጅቱ ስለነበሩ ሴቶችና አፋቸውን ስላስያዛቸው የምስጢር ውል ጠየቀችው፤ ሲንተባተብ አገር አየው። ማስታወቂያ ውስጥ መልሶ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሌሎቹ በየመንደሩ አዳራሽ ሲጠየቁ ቆዳቸው ጠንክሯል፤ እሱ ያን ትምህርት ዘሎት ነበር የመጣው።

ጆ ባይደንን ይዩት። ገንዘቡ ሊያልቅበት ደርሶ ነበር። ፌብሩዋሪ 29 ሳውዝ ካሮላይናን አሸነፈ፣ ሁለት ተፎካካሪዎቹ ወጥተው ድጋፋቸውን ሰጡት፣ ማክሰኞ ዕለት ከ14ቱ ግዛቶች አሥሩን ወሰደ፤ አንዳንዶቹን እግሩ እንኳ በቅጡ አልረገጣቸውም። ብሉምበርግ አንደኛ የወጣው አሜሪካን ሳሞአ በሚባሉ የፓስፊክ ደሴቶች ብቻ ነው። በማግስቱ ውድድሩን ትቶ ባይደንን ደገፈ። በዴሞክራቶቹ ደንብ 15 በመቶ ድምፅ ያላገኘ፣ በፓርቲው ጉባኤ እጩውን የሚመርጥ ተወካይ አይሰጠውም፤ ስቴየር ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ አንድ ተወካይ አላገኘም። ከሪፐብሊካኖቹም ስቲቭ ፎርብስ በ1996 ብዙ ሚሊዮን ከኪሱ አውጥቶ አሪዞናንና ዴላዌርን ቢያሸንፍም በማርች ወጥቷል።

በኪሱ ገንዘብ ሮጦ የተሳካለት የለም ግን አልልዎትም። ዶናልድ ትራምፕ በ2016 በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር የራሱን ዶላር አውጥቶ እጩነቱን አግኝቷል። ቴሌቪዥኑ ግን ሳይከፍለው ቀን ከሌት ያሳየው ነበር፣ አዳራሹም ይሞላለት ነበር። ሕዝቡ አስቀድሞ ዞሮለታል።

አሁን የራሴን ልንገርዎት፤ ነገሩ የገባኝ በአሜሪካ ፖለቲካ አይደለምና። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ያደግኩት ለገሃሬ ነው። አንድ ዓመት አንድ ባለጸጋ የእድራችን ሰብሳቢ መሆን ፈለገና የአባላቱን ሁሉ የዓመት መዋጮ ከፈለልን። አዲስ ድንኳን፣ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስት ገዛ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስሙን የማልጠራው ልጆቹ ስላሉ ነው። ጸሐፊው መዝገቡን ሲገልጥ እናቴ አጠገብ ቆሜ ነበር። በየስሙ ትይዩ በየወሩ የራይት ምልክት አለ፤ አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንዱ በጥቁር፣ ዘግይቶ የከፈለ በቀይ። የዚያ ዓመት ገጽ ላይ ግን ምልክት የሚባል የለም። ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም መስመር ተሰምሮ ጎኑ ላይ «ተከፍሏል» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ እስከ መስመሩ ጎተተችና «የእኔ የቱ ነው?» አለችው። ጸሐፊው መልስ አጣ።

በዚያው ክረምት ጎረቤታችን ስታርፍ ድንኳኑን የተከሉት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ድሮ ስም ሲጠራ ያልተገኘ ይቀጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ምንም ያልከፈለ ምን ብሎ ሊቀጣ፣ ማንስ ሊቀጣው? ንፍሮ የቀቀሉት አራት ሴቶች ብቻ ነበሩ። እናቴ በማግስቱ የወሩን ሁለት ብር በመሐረቧ ቋጥራ ጸሐፊው ቤት ሄደች፣ እኔን አስከትላ። «በስሜ ጻፍልኝ» አለች። ጻፈላት።

ስለዚህ ልጅዎ «መግዛት» ያለችውን አልቀበልም፤ ብሉምበርግ ሊገዛ ሞክሮ አልሆነለትም፣ መራጩም ለሽያጭ አልቀረበም። እርስዎ «ማንም አያዘውም» ያሉት ደግሞ እውነት ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱው ነው። ከባለሀብት ብድር ነፃ ነው፣ አዎ። ግን አሥር ዶላር ልትሰጠው ከምትችል አስተማሪም ነፃ ነው። እሷ በሚቀጥለው ወር ባትሰጠው አይጎድልበትም፣ ብትቆጣ አይሰማም። ትልቅ ለጋሽ ያለው እጩ ለጥቂቶች ባለዕዳ መሆኑን አልክድም፤ እኔ የምመርጠው ለብዙ ትንንሽ ሰዎች ባለዕዳ የሆነውን ነው።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ እኛ አገርስ አንድ ሀብታም በገንዘቡ ለፕሬዚዳንትነት መወዳደር ይችላል?
ተማሪ፣ ከሐረር

መልስ፦ ልጄ፣ በእኛ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጠውም። በአንቀጽ 70 መሠረት እጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚሾመው ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፉት ነው፣ ዘመኑም ስድስት ዓመት ነው። ዋናው የአስፈጻሚነት ሥልጣን ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ሲሆን እሱም የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው። ስለዚህ እንደ አሜሪካ ግዛት ለግዛት እየዞሩ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩበት ቅድመ ምርጫ የለንም። ከአንቀጽ 69 እስከ 73 ያለውን ራስህ አንብበው፤ ገጹ ጥቂት ነው፣ በአንድ ከሰዓት ትጨርሰዋለህ።