መልስ፦ የ16 ዓመት ልጄ ሰክሮ ሲገባ ልቅጣው ወይስ ልተወው?

ውድ ጠያቂ፣ ልጅዎ ሁለት ጊዜ ሰክሮ መግባቱንና ክፍሉ ውስጥም ማሪዋና ማግኘትዎን ጠቅሰው፣ መቅጣት ይሻላል ወይስ ዝም ማለት ብለው ጠይቀዋል። ሁለቱንም አልመክርም። ሰክሮ በገባበት ሌሊት የሚነሳ ክርክር ከጩኸት የዘለለ ፍሬ ስለሌለው፣ ንግግሩን ሁለታችሁም ወደምትረጋጉበት ሰዓት ያስተላልፉትና ለጊዜው ደኅንነቱን ብቻ ይጠብቁ፤ በጎኑ ያስተኙት፣ ብቻውንም አይተዉት። ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ ወይም ከንፈሩ ወደ ሰማያዊነት ካደላ ግን ሳይዘገዩ ለድንገተኛ ሕክምና ያድርሱት። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ስካርን አያበርድም፤ ይህን ብዙ ሰው ይሳሳታል።

በማግስቱ ከመመርመር ይልቅ ያዩትን ብቻ ነግረውት ያድምጡት። ፍላጎትን የሚገታውና መዘዝን የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ እድገቱን ስለማይጨርስ፣ «እንዴት አላሰብክም?» የሚለው ጥያቄ እምብዛም መልስ የለውም። ደንብዎ ጥቂትና ግልጽ፣ ቅጣትዎም በእርግጥ የሚፈጽሙት ይሁን፤ «ከቤት አባርርሃለሁ» የሚለው ዛቻ፣ በእኔ እምነት፣ ልጁን ከመሸሸግ በቀር ሌላ አያስተምረውም። አጠቃቀሙ የዘወትር ከሆነ፣ ወይም ሳይጠጣ ሲቀር እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ መጠጥን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።